ሩዙ ላይ የተሰመረው መስቀል

«ሩዝ አልቋል። ከትልቁ ዕቃ ቅጂና አምጪ» አሉ አክስት ናርሲሳ፣ ባዶውን ድስት ለማሪሰል እያቀበሉ።

ማሪሰል ድስቱን ይዛ ቆመች። ትልቁ ዕቃ ከማቀዝቀዣው ጎን፣ ሃያ ዓመት በኖረበት ጥግ ተቀምጧል። ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፈችው እናቷ ፊሎሜና ናት። ፊሎሜና ከተቀበረች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ በነዚህ ስድስት ቀናት ማሪሰል ያን ክዳን አንዴም አልነካችውም።

«ዴሪክ ከሱቅ አንድ ከረጢት ይዞ ይምጣ፤ አሁን እደውልለታለሁ» አለች። ዴሪክ ባሏ ነው።

«ምን ነካሽ ልጄ? ይኼ ሁሉ ሩዝ እዚህ ተቀምጦ?»

«የቆየ ነው አክስቴ። ነቀዝ ሳይገባው አይቀርም።»

«በዊኒፔግ ብርድ? ነቀዙም ወደ ሀገሩ ተመልሷል።»

ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ። ማሪሰል ግን ድስቱን ምድጃው ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። አክስት ናርሲሳ ዓይናቸውን ለአፍታ እሷ ላይ፣ ከዚያ ዕቃው ላይ አሳርፈው ወደ ሳሎን ተመለሱ።

የለቅሶው አዛዥ እሳቸው ናቸው። የእህታቸውን ሞት ሰምተው ከቶሮንቶ ሲመጡ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ሻንጣ ሙሉ ደንብ ይዘው ነው። ለቅሶ ቤት አይጠረግም። ሐዘንተኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አይልም። ከሁሉ በላይ ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም፤ እንግዳውን በር ድረስ ከሸኘው ሞት አብሮ ወጥቶ የእንግዳው ቤት ይገባል ይባላል። በሌላው ፊሊፒናዊ ቤት ይህ የሚጠበቀው አስከሬኑ እስኪወጣ ነው። በአክስት ናርሲሳ መንደር ግን ዘጠኙ የጸሎት ቀናት እስኪያልቁ ድረስ ነው፤ እንዲያ ነው ብለዋል፣ የሚከራከራቸውም አልተገኘም። ስለዚህ ወለሉ ላይ የብስኩት ፍርፋሪው እንደተበተነ ነው፤ እንግዶችም ብቻቸውን ካፖርታቸውን ፈልገው፣ ብቻቸውን በሩን ከፍተው ይወጣሉ።

ማሪሰል ስልኩን ጨርሳ ወደ ሳሎን ስታልፍ፣ በመተላለፊያው ውስጥ ጫማቸውን የሚያደርጉ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች። ከፊሎሜና ጋር ልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ናቸው።

«ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳይቀር "እማማ ኑድል" እያሉ ይስቁባታል አለችኝ።»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

«እኔ ምን አልኩ? ደግ ነበረች እኮ። ግን ያን ቁልፍ ባትሰጠው ኖሮ ካርሊቶ ዛሬ በሕይወት ነበረ።»

«ራሷ አምና የለ? በጽሑፍ።»

ማሪሰል ወደ መታጠቢያ ክፍል ገብታ በሩን ቆለፈች። መስታወት ማየት አልፈለገችም። አፍራለች። ሐፍረቱ ከሐዘኑ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ በነዚህ ስድስት ቀናት በደንብ አልቅሳ እንኳን አታውቅም።

ፊልሙ አርባ አንድ ደቂቃ ነው። የፖሊስ ምርመራዎችን እየሰበሰበ ኢንተርኔት ላይ የሚለቅ አንድ ቻናል የሠራው ነው። የማሪሰል ታናሽ ወንድም አርኔል ሰክሮ ሲነዳ፣ አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረ ካርሊቶ የሚባል ሰው ገጭቶ አምልጧል። ፊልሙ የሚጀምረው በማግስቱ ጠዋት፣ ፖሊሱ ደረቱ ላይ ባሰረው ካሜራ ነው። በሩ ይከፈታል። ፊሎሜና በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯ ላይ ጥቅልል ማስያዣ እንደተሰካ ትታያለች።

«አርኔል የሚባል ልጅ አለዎት?»

«አለ፣ ተኝቷል። ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው። ቁርስ በልታችኋል?»

ከዚያ አርኔል እጁ በካቴና ታስሮ ከጓዳ ሲወጣ፣ ከፊት ለፊቱ እናቱ ትልቅ ሳህን ኑድል ይዛ ትሻገራለች። አብራ ለመጣችው ፖሊስ ሹካ ታስቀምጥላታለች። ፖሊሷ አይ ስትላት ናፕኪን ትጨምርላታለች። ፊልም ሠሪው ምስሉን እዚያ ላይ አቁሞ የቀልድ ሙዚቃ ለቆበታል። ፊሎሜና በሯ ላይ ለቆመ ሰው በዕድሜዋ ሙሉ የምታውቀው ቃል «ቁርስ በልታችኋል?» ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ምን እንደምትሆን ጠፍቷት የምታውቀውን አደረገች። ሦስት ሚሊዮን ሰው ይህን ከየት ይወቅ?

ተመልካቹ የሚለው አላጣም። አርኔል መርማሪው ፊት ሲያዛጋ «ሰው ገድሎ እንቅልፉ መጥቷል» አሉ። አርኔል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ ነው የሚያዛጋው። ዳኛው አራት ዓመት ሲፈርዱበት ደግሞ አስተያየቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። «ለአንድ ነፍስ አራት ዓመት? ይኼ ዳኛ ቤተሰብ የለውም?» «ውሻ ገጭቶ ቢሆን ይበልጥ ይፈረድበት ነበር።» «እናትየዋም ከነሳህኗ ትታሰር።» ከሁሉ ብዙ የተወደደው ይኼ የመጨረሻው ነበር።

ማሪሰል የምትሠራው ጥርስ ክሊኒክ ነው። የባሏን የአባት ስም ስለምትጠቀም የማን ልጅ እንደሆነች እዚያ የሚያውቅ የለም። ልክ የዛሬ ዓመት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ብሪያና የምትባለው የሥራ ባልደረባዋ ስልኳን ከጁስ ጠርሙስ ጋር አስደግፋ ፊልሙን ከፈተችው።

«ማሪ፣ ነይ ይቺን እያት! ልጇ ሲታሰር እሷ ኑድል ታድላለች!»

ማሪሰል መጣች። እናቷን አየች፤ የፀጉሯን ጥቅልል፣ የጓዳውን መጋረጃ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን ያለውን ሰማያዊ ዕቃ አየች። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች።

«ምን ዓይነት እናት ናት ግን?» አለች ብሪያና።

«ልጅ የሚያበላሹት እንዲህ ያሉት ናቸው» አለች ማሪሰል።

ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ፣ በሐሰት ስም፣ ከፊልሙ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ይህን ቤተሰብ አውቀዋለሁ። ልጁ ሲጠጣ የመኪናውን ቁልፍ የሩዝ ዕቃ ውስጥ ይደብቁበት ነበር። ያን ዕለት ከሩዙ ውስጥ አውጥታ የሰጠችው እናቱ ናት። እሷ ላይስ ማን ይፍረድ?» ማታ ስታየው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰው ወዶላታል። ቀኑን ሙሉ ቅልል ብሏት ነበር የዋለችው። እስከ ዛሬ ፊቷን የሚያቃጥላት ያ መቅለል ነው።

የጻፈችው ውሸት ነበርና።

አደጋው በደረሰበት ዕለት፣ የገና በዓል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፊሎሜና ቤት አልነበረችም። የበዓሉን ጸሎት ልታደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ቁልፉን እንደ ልማዷ ሩዙ ውስጥ ቀብራ፣ ላዩን በመዳፏ ደልድላ፣ በጣቷ መስቀል አስምራበታለች። ሰው ከነካው ታውቃለች። መስቀሏ ወደ ታች ረጅም፣ ወደ ጎን አጭር ነው። መደበቂያውን የሚያውቁት እሷና ማሪሰል ብቻ ነበሩ። አርኔል ከቀትር ጀምሮ ሲጠጣ ውሎ፣ ዴሪክን ሲነካካው፣ ማሪሰልን ከምድጃ ወደ መደርደሪያ እየተከተለ «ቁልፌን አምጪ» ሲላት አመሸ። እንግዳ እየመጣ ነው፤ ዘይቱ ምድጃው ላይ ይንጣጣል።

«እሺ እንካ! ሂድና ገላግለን!» አለችው። እጇን ሩዙ ውስጥ ከታ ቁልፉን አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ ሩዙን ደልድላ መስቀሉን አሰመረችበት፤ አራቱም ክንፍ እኩል የሆነ መስቀል።

እናቷ ተመልሳ ሩዝ ልትቀዳ ክዳኑን ስታነሳ ማሪሰል ከጀርባዋ ቆማ ነበር። ፊሎሜና መስቀሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ከዚያ ሩዙን በመዳፏ ደልድላ የራሷን መስቀል አሰመረችና ክዳኑን ዘጋች። በዚያች ሰዓት ካርሊቶ ከአራት መንገድ ወዲያ በረዶ ላይ ወድቆ ነበር፤ ሁለቱም አያውቁም።

ፍርድ ቤት ስለ ቁልፉ የጠየቀ የለም። አርኔል የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ መኪናውም የራሱ ነው። እሱ ራሱ ከስካሩ ብዛት ማን እንደሰጠው አያስታውስም። ማሪሰልም ዝም አለች፤ ዝም ባለች ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

ያን ጽሑፍ ከጻፈች በሦስተኛው ቀን አንድ መልስ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ልብሷን የለበሰች ሴት ፎቶ አለበት። «አዎ፣ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊሎሜና ማግሲኖ፣ እናቱ።»

ማሪሰል ያነበበችው ሥራ ላይ ሆና ነው። እናቷ አንብባዋለች። የሩዙን ነገር ከሁለታቸው በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ማን እንደጻፈው ገብቷታል። ገብቷት ነው ጥፋቱን በእውነተኛ ስሟ የተቀበለችው። ከመልሷ ሥር ስድስት መቶ አርባ ሰው ሰድቧታል።

እሑድ እናቷ እንደ ወትሮው ደወለች።

«ማሪ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማ።»

«ጎሽ። ብርድ ነው፣ ደርበሽ ልበሺ።»

ሌላ አላለችም። ዓመቱን ሙሉ በየእሑዱ ደውላ ሌላ አላለችም። ማሪሰል ደግሞ በየእሑዱ «ዛሬ እነግራታለሁ» ስትል ከርማ፣ ባለፈው ሳምንት ፊሎሜና ቁርስ ስታበስል ልቧ ቆመ።

በስምንተኛው ቀን አርኔል ከእስር ቤት ደወለ። ለቀብር አልፈቀዱለትም ነበር።

«ማሪ፣ አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ» አላት። «ባለፈው ልትጠይቀኝ መጥታ ጮህኩባት። "ቁልፉን ምን ብለሽ ነው የሰጠሽኝ? አንቺ ባትሰጪኝ እዚህ አልገኝም ነበር" አልኳት።»

ማሪሰል ባለ ገመድ ስልክ የያዘች ይመስል ጣቷን አየር ላይ ትጠመዝዛለች።

«ምን አለችህ?»

«"ይቅር በለኝ ልጄ" አለችኝ። እኔ ግን መልስ ሳልሰጣት ተነስቼ ሄድኩ። እናት እኮ ናት ማሪ። ይቅር ብያለሁ ማለት ምን ያቅታል?»

የተቀዳ ድምፅ ገብቶ አንድ ደቂቃ እንደቀራቸው ነገራቸው። አንድ ደቂቃ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

«ማሪ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«አልቅሺ፣ አይዞሽ። አትያዢው።»

ወንድሟ ያጽናናት ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ማሪሰል ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። አክስት ናርሲሳ መጥተው ስልኩን ከእጇ ወሰዱላት።

ዘጠነኛው ቀን እሑድ ነበር። የመጨረሻው ጸሎት ስለሆነ ሰው ከቀትር በኋላ ጀምሮ ቤቱን ሞላው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ተከፈተ። የገቡት የካርሊቶ ሚስት፣ ወይዘሮ ሬሜድዮስ ናቸው። ከፍርድ ቤቱ ቀን ወዲህ ከዚህ ቤተሰብ ጋር ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጥቁር ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ለጸሎቱ ነው የመጣሁት» አሉ። «ከተፈቀደልኝ።»

አክስት ናርሲሳ ከራሳቸው ወንበር ተነስተው አስቀመጧቸው።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ ምግቡ ሲነሳ ወይዘሮ ሬሜድዮስ አልተነሱም። ማሪሰልን በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ በአቅራቢያ ያለ ሁሉ ሰማ።

«ማሪሰል፣ አንድ ጣጣ አለብኝ። እናትሽ ያን ፊልም ላይ "ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" ብላ ስትጽፍ፣ ከሥር ከሰደቧት አንዷ እኔ ነኝ። በስሜ አልጻፍኩም። "የምታበስይው ሁሉ ደም ደም ይበልሽ" አልኳት።»

ማሪሰል ጉልበቷን ጨብጣ ቁጭ ብላለች።

«በማግስቱ መለሰችልኝ። "ልክ ነሽ እህቴ" ነው ያለችኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳን ሳታውቅ። ካነበብኩት ጀምሮ ልመጣ ልመጣ እያልኩ ዓመት ሞላኝ፤ ፊቷን ለማየት አፈርኩ። ቀደመችኝ። በጥፋቷ ተጸጽታ ያመነች ሴት ረገምኩ። ለእሷ ልለው የነበረውን ለአንቺ ልበለው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሁሉም ማሪሰልን ያያሉ። እንባዋ እንኳን አልመጣ አላት። እሺ ብትል ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እናቷም ቁልፉን እንደያዘች ትቀራለች።

«ይቅር ተባብለናል፣ ይቅር ተባብለናል» አሉ አክስት ናርሲሳ በእሷ ፈንታ፣ ሳህን ይዘው እየመጡ። «በሉ ቅመሱ፤ ኑድሉ እሷ በምትሠራው ዓይነት ነው።»

ወይዘሮ ሬሜድዮስ ሳህኑን ተቀብለው ሁለት ጉርሻ በሉ። ከዚያ አስቀመጡትና ተነሱ።

«አትነሺ ልጄ፤ ደንቡን አውቀዋለሁ» ብለዋት ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ።

በሩ ተዘጋ። ማሪሰል ተነሳች።

«ማሪሰል፣ ተቀመጪ» አሉ አክስት ናርሲሳ። «ማሪሰል! የመጨረሻው ቀን እኮ ነው! ምን ያጣድፍሻል!»

የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ያለ ካፖርት ወጣች። ብርዱ ደረቷን መታት። ወይዘሮ ሬሜድዮስ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ደርሰዋል። ሌላው ሰው ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ እሳቸው ግን ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ተጠግተው ነው የቆሙት።

«ምን ረስቼ ነው?» አሏት ስትደርስ።

«ቁልፉን እናቴ አልሰጠችውም» አለች ማሪሰል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እሷ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከሩዙ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይሂድልኝ ብዬ። ያን ጽሑፍ በሐሰት ስም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እሷ አውቃ ነው በእኔ ፈንታ ያመነችው። የረገሙት እሷን አይደለም። እኔን ነው።»

ወይዘሮ ሬሜድዮስ መንገዱን ያያሉ። መኪናዎች ያልፋሉ።

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። እሱም እሷን ነው ሲወቅስ የኖረው።»

«እሷ አንድም ቀን አልጠየቀችሽም?»

«ቁርስ በልተሻል ወይ ብቻ ነው የምትለኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ ብሏል።

«እኔ ይቅርታ ልጠይቅ የመጣሁት እሷን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺን ምን እንደምልሽ አላውቅም። ዛሬ አትጠይቂኝ። ግን ለእኔ ብቻ መንገድ ዳር ሹክ ብለሽኝ አይሆንም። እሷ ስሟን ጽፋ ነው ያመነችው።» አውቶቡሱ ቆሞ በሩ ተከፈተ። አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞሩ። «ግቢ አሁን፤ በነጠላ ጫማ ነው የወጣሽው።»

አውቶቡሱ ሄደ። ማሪሰል እዚያው ቆማ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ሦስት ጊዜ አጥፍታ ጻፈች። ከእናቷ መልስ ሥር፣ በገዛ ፎቶዋና በአባቷ ስም፦ «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናቴ ቤት አልነበረችም። ማሪሰል ማግሲኖ፣ ልጇ።» ላከችው። ከዚያ አርኔል በሚቀጥለው ሲደውል የምትለውን የመጀመሪያ ቃል እያሰበች መንገዱን ተሻገረች።

አክስት ናርሲሳ በሩን ከፍተው ቆመው ጠበቋት።

«ሸኘሻት?»

«ሸኘኋት።»

«ሞትን ቤቷ ሰደድሽባት እኮ!»

«ቤቷ ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው አክስቴ። እኔው ነኝ የሰደድኩት።»

አክስት ናርሲሳ ፊቷን አዩ፣ የቀላውን እግሯን አዩ። ፎጣ አምጥተው እግሯን ራሳቸው ጠቀለሉላት።

«ገና ያልበላ ሰው አለ» አሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ። «ዴሪክ ያመጣው ሩዝም አልቋል።»

«እኔ እሠራለሁ።»

ማሪሰል ድስቱን አንስታ ጓዳ ገባች። ሰማያዊው ዕቃ ፊት ተንበረከከችና የተለጠፈውን ክዳን አነሳች። ሩዙ ደልዳላ ነበር። መካከሉ ላይ በጣት የተሰመረ መስቀል አለ፤ ወደ ታች ረጅም፣ ወደ ጎን አጭር። የሚደበቅ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ፊሎሜና ግን የሞተች ዕለት ጠዋት ሩዝ ቀድታ፣ ደልድላ፣ አስምራ ነው የዘጋችው።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። አላወጣችውም። የሩዙን መቅጃ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እንባዋ ሩዙ ላይ እንዳይወርድ በክንዷ ፊቷን ጠረገችና፣ መስቀሉ እንዳይፈርስ ከዕቃው ጠርዝ ጠርዙን በጣቶቿ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠረች ድስቱ ውስጥ መጨመር ጀመረች።